የተነከሰችው ቢጫ ትል

አምስተርዳም፣ ስሎተርቫርት ሰፈር ያለውን ቤታችንን ልንለቅ ነው። ሊፍት የለውም፣ እኛ ያለነው ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ የሂሩት ጉልበት ደግሞ ደረጃውን በቃኝ ካለ ቆየ፤ ስለዚህ ከዚሁ ሳንርቅ ምድር ላይ ያለ ቤት ሰጡን። ባለፈው ቅዳሜ ልጃችን ማህሌት መጥታ ምድር ቤት ያለውን የዕቃ ማስቀመጫ፣ እዚህ በርሂንግ የሚሉትን ጠባብ ክፍል፣ አብረን ስናራግፍ ከአሮጌ ምንጣፍ ጥቅልል ሥር አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ወጣ። ክዳኑ ተጣብቋል። በካቻቪቴ ፈልቅቄ ስከፍተው ከዕቃው በፊት ሽታው ወጣ፤ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ ግማሹ ከረሜላ ነው፣ ግማሹ ገና ከካርቶን የወጣ የላስቲክ ጫማ ነው። ውስጡ ቀይ፣ ነጭ፣ አረንጓዴ የነበሩ የላስቲክ ትሎች ቀልጠው፣ እርስ በርስ ተዋውጠው፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ አንድ እብጠት ሆነዋል።

ማህሌት አፍንጫዋን ይዛ፣ "አባ፣ ዳት ስቲንክት! ጣለው!" አለችኝ። አንተ ብላ ነው የምትጠራኝ፤ እዚህ የተወለዱት እንደዚያ ናቸው፣ ስቆጣ ኖሬ ተውኩት።

"ይሸታል ያልሽው ይሄ ሽታ ባይኖር አንቺም አልነበርሽም" አልኳት።

አልገባትም። እኔ ግን ሳጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ እዚያው ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልኩ፣ አልነሣም አልኩ፣ ልጅቱም እየተነጫነጨች ብቻዋን ዕቃ ስታወጣ ዋለች።

እኔ የዝዋይ ልጅ ነኝ። አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ እኔም ከፊደል በፊት የያዝኩት መንጠቆ ነው፣ ፊደሉንም ቢሆን ከዚያ በኋላ ብዙ አልገፋሁበትም። ዝዋይ ላይ ዓሣ የሚያዘው በእውነት ነበር፤ ትሉ የእውነት ትል፣ ሊጡ የእውነት ሊጥ ነው፣ ቆሮሶው፣ የሐይቃችን ዓሣ፣ ቢሞትም አንድ ጉርሻ አግኝቶ ነው የሚሞት። ከዚያ ዘመኑ ሲከፋ፣ ወጣት ሁሉ ወይ ሲታሰር ወይ ሲሸሽ፣ እኔ ከአሰብ በተነሣ የጭነት መርከብ ላይ ድስት አጣቢ ሆኜ ወጣሁና ሮተርዳም ላይ ወርጄ ቀረሁ። በፈረንጅ አቆጣጠር ሰባዎቹ ሊያልቁ ነው ያኔ። አንዲት ክፍል ውስጥ ከታደሰ ጋር ገባሁ። ታደሰ ዴንሃግ ከተማ የሚማር፣ አፉ የተባረከ፣ ሰው ሁሉ የሚወደው፣ ዕቃ ማጠብ ብቻ የማይወድ ልጅ ነበር። ጠዋት መጽሐፉን ታቅፎ ወደ ባቡር ሲሮጥ እኔ ከግድግዳው ጋር እቀራለሁ። ወረቀቴ ገና አላለቀም፣ መሥራት አልተፈቀደልኝም፣ ቋንቋ የለኝም።

ውሃ ዳር ያደገን ሰው ውሃ ይጠራዋል። ማስ የሚባለው ትልቁ ወንዝ ከቤታችን ብዙ አይርቅም ነበርና በየቀኑ እሄዳለሁ። የመጀመሪያ ቀን ጉድ ነው ያየሁት። ጠዋት ወደ ባሕር ሲሄድ ያየሁት ወንዝ ከሰዓት ተመልሶ ይመጣል! ወንዝ ቤቱን ረስቶ ሲመለስ አይቼ ስለማላውቅ ራሴን ያዞረኝ መሰለኝ፤ ባሕሩ እየሞላ መልሶ እንደሚገፋው የገባኝ በኋላ ነው። መርከቦቹ እንደ ኮረብታ ያልፋሉ፣ ማዕበላቸው ዳር ያለውን ድንጋይ ይልሰዋል፣ አየሩ ናፍታ ናፍታ፣ ከሰል ከሰል ይላል። በዚያ ድንጋይ ላይ ነው ሜኔር ኮርን ያገኘኋቸው።

ሜኔር ኮር፣ አቶ ኮር ማለት ነው፣ ወደብ ላይ ክሬን ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ረጅም፣ ፊታቸው እንደ ቀይ ሥር የቀላ፣ ባርኔጣ ከራሳቸው የማይለይ ሽማግሌ ናቸው። ቀጭን ዘንግ ይዘው ድንጋዩ ላይ ይቆማሉ፤ ይወረውራሉ፣ እስኪሰጥም ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ድስት ከፍቶ ወጡን እንደሚያይ ሰው የዘንጉን ጫፍ ብድግ፣ ብድግ ያደርጉና ይተዉታል። ብድግ፣ ብድግ፣ መተው። እኔ ከኋላቸው ቆሜ አያለሁ። ትል ሲቆፍሩ አላይ፣ ሊጥ ሲያድበለብሉ አላይ፣ ዓሣ ግን ያወጣሉ። ይሄ ሰውዬ ድግምት አለው እንዴ እላለሁ። ሰላም አንባባልም፤ ግን እኔ ዛሬ ከቀረሁ ነገ ዞር ብለው የት ነበርክ እንደሚል ሰው ያዩኛል።

አንድ ቀን በእጃቸው ጠሩኝና ጥቁር ከረሜላ ሰጡኝ። እዚህ አገር የኖረ ያውቀዋል፣ ጥቁሩ ከረሜላቸው ጨው ነው። ሽማግሌ የሰጠውን መትፋት ነውር ነውና እንባዬ እየመጣ ዋጥኩት። በማግስቱ ያንን የቆርቆሮ ሳጥን ከፈቱ። ያ ሽታ ወጣ፣ ጣፋጭ፣ ምራቅ የሚያመጣ። ከውስጡ ጅራቷ የተጠቀለለ፣ የምታብረቀርቅ አንዲት ቢጫ ነገር አንስተው ምናምን እያሉ ዘረጉልኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኩ በልቤ፣ የዛሬው ደግሞ ጣፋጩ ነው። ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኩና አፌ ውስጥ ከትቼ ነከስኩ።

አልቆረጥ አለኝ። ደግሜ ነከስኩ። አንሸራተተኝ። ሜኔር ኮር አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል፤ እኔም አክብሬያቸው ማኘኬን ቀጠልኩ። ከዚያ ሳቅ ፈነዳባቸው። ሆዳቸውን ይዘው ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ፣ ባርኔጣቸው ወደ ወንዙ ሊሄድ ነበር እኔ ነኝ የያዝኩት፣ እንባቸውን ይጠርጋሉ ደግሞ ይስቃሉ። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ትዊ አልኩ፣ ቀጥሎ እኔንም ሳቁ ያዘኝ። ትሏን ከእጄ ወሰዱ፣ ጥርሴ ወገቧ ላይ የተወውን ቁስል አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከእርሳስ ኳስ ጋር የተሠራ መንጠቆ ላይ ሰኳትና ዘንጉን ለእኔ ሰጡኝ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ሰው ሁሉ የማያምነኝ። ወረወርኩ። እርሳሱ ታች ሲደርስ ክሩ ላላ፤ "ጣትህን ክሩ ላይ" አሉ በምልክት። ሌባ ጣቴን አሳረፍኩበት። ብድግ፣ ብድግ፣ መተው። ብድግ፣ ብድግ፣ መተው። ከዚያ፣ ትሏ ወደ ታች ስትወርድ፣ ክሩ ውስጥ አንድ ነገር ጥቅ አለ። ጥቅ ብቻ። በር በጥፍር የሚያንኳኳ ሰው ያህል። ከጣቴ ተነሥቶ በክንዴ አልፎ ልቤ ላይ ደረሰ፤ ሳላስብ ዘንጉን ቀና ሳደርገው ወንዙ ራሱ የጎተተኝ መሰለኝ! ጮህኩ። ያወጣሁት ክንድ የማይሞላ ስኑክባርስ ነበር። ስኑክባርስ ጀርባው ላይ እሾህ ያለው፣ አፉ የውሻ ጥርስ ያበቀለ፣ ዓይኑ እንደ ድመት ዓይን የሚያበራ የወንዝ ዓሣ ነው። ሐሰተኛ ትል፣ ያውም እኔ ያኘክኳትን ትል፣ አምኖ በላት። እንዲህ ያለ ደስታ ከዝዋይ ከወጣሁ አግኝቼ አላውቅም። ሜኔር ኮር እጃቸውን አርጥበው ዓሣውን ፈቱና፣ "ሂድ ልጄ" ብለው ወደ ወንዙ መለሱት።

እኔ ዓሣ ሲመለስ ያየሁት የዚያን ቀን ነው። ሆዴ ባዶ ነበርና ነገሩ አመመኝ። ግን ዘንጉ የሳቸው ነው፣ ትሉ የሳቸው ነው፣ ወንዙም ቢሆን ከእኔ ይልቅ የሳቸው ነው። በምልክትም በተሰባበረ ቋንቋም ቃል አስገቡኝ፤ እዚህ የተያዘ እዚህ ይቀራል። እሺ አልኩ። እሺ ካልኩ እሺ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ዓመት እንደ ሠርግ ቀን ነው ያለፈው። ውሃው ሊመለስ ሲል፣ ሄድኩ አልሄድኩ ብሎ ወንዙ ዝም የሚልባት ሰዓት አለች፤ በዚያች ሰዓት ዓሣው ያብዳል። ከአልጋዬ ሆኜ ሰዓቷን አውቃታለሁ። ደመና ሲሆን ነጩ ትል፣ ውሃው ሲደፈርስ ቢጫዋ፣ ፀሐይ ከሆነ አረንጓዴው። ስኑክባርሱ ከሌለ ጎኑ ጥቁር ጥቁር የተሰመረበት፣ ክንፈ ቀይ ባርስ ይመጣል፤ እሱ ትንሽ ነው ግን ጉልበቱ እንደ ወይፈን ነው። ደችም የተማርኩት እዚያው ነው፤ "ረስተኽ፣ ረስተኽ" ይሉኛል ዓሣው ሲታገለኝ፣ ቀስ በል፣ ረጋ በል ማለታቸው ነው። ቤት ስገባ ታደሰ ባዶ እጄን ያይና፣ "ዛሬስ ምን ያዝክ፣ ጉንፋን?" ይለኛል።

ሂሩትን ያወቅኳት በዚያው ዓመት ነው፣ በተዋስነው የፈረንጆች ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ለጸሎት ስንሰበሰብ። አምስተርዳም ኢንዲሸ ቡርት የሚሉት ሰፈር ከታላቅ ወንድሟ ከጋሽ መኮንን ጋር ትኖራለች፣ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። ስለ ዓሣው ሳወራት አልሳቀችብኝም። "ጥቅ ሲል ምን ይመስላል?" አለችኝና እጇን ዘረጋች፤ መዳፏን በጥፍሬ ነካሁት። ከዚያ በኋላ ምኑን ላውራችሁ፣ አለቀልኝ።

ጋሽ መኮንን ስኪፖል፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ የሚሠሩ፣ እህታቸውን እንደ አባት ያሳደጉ፣ ለቀልድም ለቁጣም ቅርብ የሆኑ ሰው ነበሩ። በፍልሰታ ጾም አንድ እሑድ ቤታቸው ተሰበሰብን። ሰው ሲበዛ የተለመደው ክርክር ተነሣ፤ ዓሣ ይጾማል ወይስ ይበላል።

"ዓሣ ጾም ነው። አገር ቤትም እንበላ ነበር" አለ አንዱ።

"ደም ያለው ነገር እንዴት አድርጎ ነው ጾም የሚሆነው?" አለች አንዷ።

ጋሽ መኮንን ወደ እኔ ዞሩ። "የምን ክርክር ነው፣ ዓሣ አጥማጁ እዚህ ተቀምጦ! ለመሆኑ ደምሴ፣ ዘንድሮ ስንት ያዝክ?"

"ብዙ ነው ጋሼ። ቆጥሬው አላውቅም።"

"የታለ?"

"መለስኩት።"

"ወዴት?"

"ወደ ወንዙ።"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። "እኔም ትናንት አንበሳ ይዤ መለስኩት!" አሉ ጋሽ መኮንን። "እናንተ፣ ይሄ አየር አጥማጅ ነው!" ታደሰ እንኳ፣ ጓደኛዬ፣ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ ግን ፊታቸው ተቀየረ። "ሽማግሌ ልትልክ ማሰብህን ሰምቻለሁ" አሉኝ፣ ሁሉም እየሰማ። "መጀመሪያ ዓሣው ይምጣ። በእጁ ያለውን የሚለቅ ሰው እህቴን አይዝም። ጾሙ ሲፈታ ዓሣው ገበታዬ ላይ ካለ እንነጋገራለን፤ ከሌለ ግን ሽማግሌ እንዳትልክ፣ ከደጅ ነው የምመልሳቸው።" ኩሽና ውስጥ አንድ ማንኪያ ሲወድቅ ተሰማ።

እኔ ግትር ነኝ፣ ሂሩት ዛሬም ትነግራችኋለች። አመጣለሁ ብዬ ወጣሁ። ለሜኔር ኮር የገባሁት ቃል አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ዓሣ ብቻ እንዲፈታልኝ ልለምናቸው አሰብኩ፤ ግን እንዴት ብዬ ነው በዚያ ቋንቋዬ ጾሙን፣ ወንድሙን፣ ሽማግሌውን የማስረዳቸው? ዓሣው ይያዝ እንጂ ያኔ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ወንዙ ደግሞ አወቀብኝ። በየቀኑ ሄድኩ፣ ውሃው ሲሞላም ሲጎድልም ቆምኩ፤ ከጣት የማይበልጡ ባርሶች ብቻ። ጾሙ ሊፈታ ሲል ቅዳሜ ዕለት፣ ውሃው ደፍርሶ፣ ሰማዩ ዝቅ ብሎ፣ ሜኔር ኮር ሳጥናቸውን ሲፈትሹ ቆዩና ያችን የነከስኳትን ቢጫ ትል አወጡ። በወረቀት ጠቅልለው አስቀምጠዋት ኖሯል።

ወረወርኩ። ወንዙ ዝም ያለባት ሰዓት ነበረች። ብድግ፣ ብድግ፣ መተው። ጥቅ! ዘንጉ እስከ እጀታው ጎበጠ። ማጠንጠኛው ጮኸ፣ ክሩ እየተተረተረ ወደ መርከቦቹ መንገድ ሄደ፣ "ረስተኽ! ረስተኽ!" ይላሉ ሜኔር ኮር፣ እሳቸው ራሳቸው ግን ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለሉ። እኔ የማውቀውን መልአክ ሁሉ እጠራለሁ። ሲመጣ መጀመሪያ ዓይኑ ታየ፣ እንደ ፋኖስ። ከዚያ እሾሁ። ከዚያ አለቀ ስል የማያልቅ ጎን። ሜኔር ኮር መረቡን ከሥር አስገብተው አነሡት፤ እንዲህ ያለ ስኑክባርስ በዕድሜያቸው እንዳላዩ ከፊታቸው አወቅኩ። እኔ ዘንጉን አስቀምጬ ወደ ሰማይ እጄን ዘረጋሁ፣ ተመስገን ልል። ዓይኔን ስመልስ ሜኔር ኮር እጃቸውን አርጥበዋል።

"አይሆንም!" ብዬ ጮህኩ። በአማርኛ።

"ሂድ ልጄ" አሉት።

ዓሣው ላፍታ ክንፉን ዘርግቶ ውሃው ላይ ቆየ፣ እኔን እያየ ነው የምለው፤ ከዚያ በጅራቱ ውሃውን ፊቴ ላይ ረጭቶ ወረደ። ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩና እንደ ልጅ አለቀስኩ። ሜኔር ኮር ደነገጡ። ያለችኝን ቃል ሁሉ አራገፍኩ፤ ዓሣ የለም፣ ሴት የለም፣ ወንድሟ አይሰጥም። ቆይተው ገባቸው። ዓሣውን የያዙበትን መዳፋቸውን አፍንጫዬ ላይ ደቀኑት። ናፍታ! "ይሄን ነው ለምትወዳት ሴት የምታበላት?" አሉኝ። ያኔ ወንዙ እንደዚያ ነበር፣ ምን እላለሁ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ "ይሄ ወንድም ማንን ነው የሚሰማው?" አሉ።

"ሽማግሌ።"

"ስንት ዓመት የሞላው?"

"እንደ እርስዎ ያለ።"

"እንግዲህ ሽማግሌ ነኝ" አሉ። "ቤቱ የት ነው?"

በማግስቱ ታደሰ ሕጉን አስጠናቸው። ሽማግሌ ሦስት ነው የሚሆነው፤ እኛ ያለን ታደሰና ሜኔር ኮር ናቸው። ታደሰ፣ "ሦስተኛው ባርኔጣቸው ነው" አለ። ቆመህ ትናገራለህ፣ ቃል ሳይሰጥህ አትቀመጥም፣ የቀረበልህን አትቀምስም ብሎ ነገራቸው። ሜኔር ኮር ለቀብር የሚለብሱትን ጥቁር ሱፍ ለብሰው፣ ጫማቸውን አስጠርገው፣ ከሮተርዳም በባቡር መጡ። ጾሙ የተፈታበት ቀን ነው። ሙሽራ አብሮ አይገባምና እኔ ማዶ ትራም ማቆሚያው ላይ ቀረሁ፤ ስለዚህ የምነግራችሁን ግማሹን ከታደሰ፣ ግማሹን ኩሽና በር ሥር ከነበረችው ከሂሩት ነው የሰማሁት፣ እሷም ይኸው አርባ ዓመት ሙሉ ስትደግምልኝ ኖራለች።

ጋሽ መኮንን በሩን ከፍተው ረጅም ፈረንጅ ሽማግሌ ሲያዩ ቁጣው ከአፋቸው ጠፋ። ግቡ አሉ። ተቀመጡ አሉ። ሜኔር ኮር አልቀመጥም አሉ። ሻይ መጣ፣ አልጠጣም። ውሃስ? አልጠጣም። ታደሰ እንኳ ሁለተኛው ልመና ላይ ሊቀመጥ ሲል በዓይናቸው አስነሡት። እንግዲህ ሽማግሌ ቆሞ ባለቤት አይቀመጥምና ጋሽ መኮንንም ቆሙ፤ ለበዓሉ የመጣው እንግዳ ሁሉ ተነሣ፣ ሳህን በእጁ የያዘው ሳህኑን እንደያዘ ቆመ። ታደሰ ንግግሩን ጀመረ፤ ስለ ዓሣው ሲደርስ፣ "እንዲህ የሚያህል!" ብሎ ሁለት እጁን እንደ በር ከፈተ። ሜኔር ኮር የእጆቹን ስፋት አዩ፣ ባርኔጣቸውን ብብታቸው ሥር ከተቱ፣ የታደሰን እጆች ያዙና ወደ ውስጥ ገፏቸው። ትንሽ አሰቡ። አንድ ጣት ያህል ደግመው ወደ ውስጥ ገፏቸው።

ጋሽ መኮንን ከንፈራቸውን ነከሱ። "ብዙ ሽማግሌ አውቃለሁ" አሉ። "ሁሉም ጨማሪ ነው። የሌለ በሬ ይጨምራል፣ የሌለ መሬት ይጨምራል። ቀንሶ የሚመሰክር ዛሬ ገና አየሁ።" ከዚያ በደች፣ ለምን ለቀቃችሁት ብለው ጠየቁ።

"የለቀቅኩት እኔ ነኝ" አሉ ሜኔር ኮር። "ልጁ ሲጮህ ሰምቼዋለሁ። ዓመት ሙሉ የለቀቀው ግን ማጥመድ አቅቶት አይደለም፤ አንድ ጊዜ እሺ ስላለኝ ነው። እኔ ዘመዱ አይደለሁም። እየራበው ነው የለቀቀው።" ጉልበታቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ክሬን ላይ ያለቀ ጉልበት ነው። ግድግዳውን ያዙ እንጂ ወንበሩን አላዩትም።

"ተቀመጡ በላቸው እንጂ!" አሉ ጋሽ መኮንን ለታደሰ።

"ቃል ካልሰሙ አይቀመጡም ጋሼ።"

"ይወድቃሉ እኮ! ቤቴ ውስጥ ሽማግሌ ሊወድቅ ነው!"

"እኔ ምን ላድርግ፣ ሕጉ ነው።"

"ሰጥቻለሁ! ሰጥቻለሁ በላቸው! እባክህ ይቀመጡ!"

እኔ ማዶ ሆኜ ትራም ያልፋል፣ ሌላ ትራም ያልፋል፣ ሾፌሮቹ ይሄ ሰውዬ የት ነው የሚሄደው እያሉ ያዩኛል። በሩ ተከፈተ። ታደሰ ደረጃው ላይ ብቅ አለና ሁለት እጆቹን ዘረጋልኝ፣ ከትከሻው እስኪገነጠሉ ድረስ፣ እንዲህ ያለ ዓሣ በዓለም ላይ የለም። መኪና ሳላይ ነው መንገዱን ያቋረጥኩት። ስገባ ሜኔር ኮር ወንበር ላይ ተዘርግተው፣ በግራ ሻይ በቀኝ ዶሮ ይዘው፣ ሂሩት ጉልበታቸው ሥር ትራስ ስታደርግ ደረስኩ።

ሜኔር ኮር ሠርጋችን ላይ የተቀመጡት ከሽማግሌዎቹ ፊት ነው። ጋሽ መኮንን ስኪፖል አስገቡኝ፣ አምስተርዳም ገባሁ፣ ወለል ሳጥብ ጡረታ ወጣሁ። ሜኔር ኮር ካረፉ በኋላ ልጃቸው ይህን ሳጥን አመጣችልኝ። እሳቸው እያንዳንዱን ትል በየቀለሙ በወረቀት ጠቅልለው ነበር ያስቀመጡት፤ እኔ ቤት ስንቀይር ወረቀቱን ለምኑ ብዬ አውጥቼ ሁሉንም ባንድ ላይ አፈሰስኳቸው። ለካ ወረቀቱ ለዚህ ነበር። አሁን ታደሰ የለም፣ አገር ቤት ገብቶ እዚያው አረፈ። ጋሽ መኮንንም የሉም። እኛ የቆምንበት ድንጋይ ላይ የመስታወት ፎቅ ቆሟል፣ ሥሩ ካፌ አለው። ውሃው ግን ጠራ ይላሉ፣ ዓሣው አሁን ይበላል ይላሉ። በፍልሰታ ተቀምጦ ይበላል አይበላም ብሎ የሚጣላው ሰው ነው ያለቀው። እኔም አልዳንኩም፤ የስኳር በሽታው ጣቶቼን አደንዝዞብኛል፣ ትኩስ ብርጭቆ ብይዝ እንኳ አይታወቀኝም፣ ያቺ ጥቅ ዛሬ ብትመጣ ሌባ ጣቴ በር አይከፍትላትም።

ከሳጥኑ ክዳን ውስጥ ግን፣ ማህሌት ልትጥለው ስትል፣ ያኔ ሳላያት የቀረች አንዲት የተጠቀለለች ወረቀት ወደቀች። ሳልፈታት አወቅኳት። ብቻዋን ስለነበረች አልቀለጠችም፤ ደርቃለች እንጂ ጅራቷ አለ፣ ወገቧ ላይ ጥርሴ አለ። ሞቅ ባለ ውሃ ነከርኳት። በማግስቱ ሂሩትን ክንዷን ይዤ፣ እየተሳደበች፣ ስሎተርፕላስ ሐይቅ ዳር ወሰድኳትና አግዳሚው ላይ አስቀመጥኳት። እኔ ወረወርኩ። ጣትሽን ክሩ ላይ አልኳት። ዘንጉ በእኔ እጅ፣ ክሩ በእሷ ጣት፣ ብድግ፣ ብድግ፣ መተው። መንገደኛው ሁሉ ያየናል። ብዙ ቆየን፣ እሷም ብርዱን መራገም ጀምራ ነበር፣ ድንገት ፊቷ ተለወጠ።

"ደምሴ! ነካ!"

ቀና አደረግኩት። የሆነ ከባድ ነገር ዘንጉን አንዴ ነቀነቀው፣ ከዚያ ቀለለ።

"ምነው?"

"ሄደ።"

"ለቀቀህ ወይስ ለቀቅከው?" አለችኝና ሳቀች፣ እንደዚያ ዘመን።

ጣቴ አልነገረኝም። ትሏን ወደ ዳር ስቤ አወጣኋትና መነጽሬን አድርጌ አየኋት። ከእኔ ጥርስ አጠገብ አዲስ ጥርስ ነበረባት።